ጆሮና መለኪያ፦ ከአራዳ የሸክላ ዘመን የተገኘ ትምህርት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ተረት። ነገሩ የተባለው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ ዘግይቶ የሚሰማ መሆኑን ለማመልከት ነው። የድምፅ መሣሪያን ሥራ ለተከታተለ ሰው ግን ተረቱ አንድ ተጨማሪ ቁም ነገር ይዟል። ጆሮ የሚወደውን ያውቃል፤ የሚወደው ነገር ልክ መሆን አለመሆኑን ግን ሁልጊዜ አያውቅም።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ቤት ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በሙያ ባልደረቦች መካከል ዘወትር የሚነሣው ክርክር ወዲያው ትዝ አለኝ። አንደኛው ወገን «መሣሪያ የሚመዘነው በመለኪያ ነው፤ የመዛባቱ መጠን፣ የሚያደርሰው የድግግሞሽ ስፋትና የፍጥነቱ ልክ ከታወቀ ሌላው ወሬ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሙዚቃ የተሠራው ለጆሮ ነው፤ ደስ ካለኝ ምን ጎደለ?» ሲል ይመልሳል። እኔ በተማሪነቴ ዘመን ከመጀመሪያው ወገን የቆምሁ ነበርሁ። ኋላ ግን ሥላሴ አካባቢ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት የተቀመጠ አንድ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አቋሜን እንድመረምር አስገደደኝ። ወደዚያ መሣሪያ ከመድረሳችን በፊት የተቀረጸ ድምፅ ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ ባጭሩ እንመልከት፤ በወላጆቼ ቤት የገጠመኝ ችግር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከድምፅ ጋር አብሮ የመጣ ነውና።

የፍጥነት ነገር

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት መልእክት በፎኖግራፍ የሰም ጥቅል ላይ ተናግረው ላኩ። በ1899 ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ መልሱን በዚያው ዓይነት ጥቅል ላይ በገዛ ድምፃቸው አስቀርጸው ሰደዱ። የንግሥቲቱ ጥቅል መልእክቱ ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ትእዛዝ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ይህን ድምፅ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ልቡ መነካቱ አይቀርም። መሐንዲስ የሆነ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ጥቅሉ የሚሽከረከረው በምን ያህል ፍጥነት ነው? በዚያ ዘመን ፍጥነቱ ሁሉ በሚገዛበት አንድ ደንብ የጸና አልነበረም። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ጠበቅ ወይም ላላ ባለ ቁጥር ይለዋወጥ ነበር። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለውን ጥቅል የሚያሰማ ባለሙያ ፍጥነቱን በራሱ ፍርድ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ፈጠን ቢያደርገው ድምፁ ይቀጥናል፤ ዝግ ቢያደርገው ይወፍራል። «ምኒልክ እንዲህ ይናገሩ ነበር» ስንል ከንግግራችን በስተጀርባ የአንድ ሰው ውሳኔ እንዳለ ማስታወስ ይገባል።

ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ባለቅኔው ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር በተላኩ ጊዜ የአማርኛ ዘፈኖችን በሸክላ አስቀረጹ። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት የተሠሩት እነዚህ ሸክላዎች ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ የንግድ ቅጂዎች ተደርገው ይቆጠራሉ። አቀራረጹ ኤሌክትሪክ የሌለበት ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ ውስጥ ይዘፍናል፤ የትንፋሹ ኃይል ስስ ሽፋንን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑም መርፌውን እየገፋ በሰሙ ላይ መስመር ያወጣል። ማይክሮፎንና የኤሌክትሪክ ማጉያ ወደ ሸክላ ቀረጻ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። የቀንድ ቀረጻ የሚይዘው የድግግሞሽ ስፋት በግምት ከ200 እስከ 3,000 ሄርዝ ስለ ሆነ፣ በመለኪያ ሲታይ ከተራ የስልክ ድምፅ አይሻልም። ያን ጊዜ «78» የሚባለው የሸክላ ፍጥነትም ቢሆን ገና አልጸናም ነበር።

እንግዲህ በመለኪያ ብቻ የምንፈርድ ብንሆን የተሰማ እሸቴን ሸክላዎች ልንጥላቸው በተገባን ነበር። በደስታ ብቻ የምንፈርድ ብንሆን ደግሞ በየትኛው ፍጥነት መሰማት እንዳለባቸው መጠየቅ ባላስፈለገን። ሁለቱም መንገዶች ወደ ጥፋት ያመራሉ።

ሸክላና ካሴት በአራዳ

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ቴአትር ቤቱ በፒያሳ የከተማው የሙዚቃ መናኸሪያ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህ ብቸኛ መብት የተደፈረው በ1961 ዓ.ም. ነው። የሐራምቤ ሙዚቃ ቤት ባለቤት የነበረው አምሃ እሸቴ ፈቃድ ሳይጠብቅ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሸክላውን በሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ «አምሃ ሪከርድስ» ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ከአሥር የሚበልጡ ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። የካይፋ ሪከርድስ አሳታሚ አሊ አብደላ ካይፋም የዚያው ዘመን ሰው ነበር።

በዚያ ወቅት ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ጊዜ ይቀረጹ ነበር። የዛሬ ባለሙያ እንደሚያደርገው እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ሳክስፎኑ ወደ ማይክሮፎኑ ከቀረበ ይጮኻል፤ ከራቀ ይደበዝዛል። አንዳንዱ ጉድለት እስከ ዛሬ ይሰማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት እነዚህን ሥራዎች እንደ ገና ባወጣቸው ጊዜ፣ በድምፅ ጥራት የተጠበበ የውጭ አድማጭ ጉድለቱን አልፎ ሙዚቃውን ሰማ።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ የውቤ በረሃና የፒያሳ የምሽት ጨዋታ ቀዘቀዘ፤ ማዳመጥም ወደ ቤት ገባ። ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት ፊልሙ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስፋት ያለውና በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚጓዝ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ከሸክላ ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር፤ ነገር ግን በርካሽ ይቀዳል፤ በባትሪም ይሠራል። ካሴት ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት ይገለበጣል፤ ቅጂው በተደገመ ቁጥርም የፊልሙ ሽሽታ እየተደመረ ይሄዳል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ በአንድ ምሽት የሚያረጅበትን፣ የተጠላለፈ ፊልም በእስክሪብቶ የሚጠቀለልበትን ዘመን ያላስታወሰ አንባቢ ጥቂት ይሆናል።

በፒያሳ የካሴት ቤቶች በር ላይ ስፒከር እስከ ጥግ ተከፍቶ ይሰማ ነበር። ገዢው ካሴቱን ቤቱ ወስዶ ዝግ አድርጎ ሲከፍተው «የሱቁን አይመስልም» ይላል፤ ሻጩንም ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን የሻጩ ላይሆን ይችላል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ እየቀነሰ ሲሄድ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው ወፍራሙን ነው። ያው ካሴት በዚያው መሣሪያ ዝግ ተደርጎ ሲከፈት ባሱ የጎደለ ይመስላል። ከዚህ የምንረዳው ጆሮ ራሱ አንድ መለኪያ መሆኑን ነው፤ ይሁን እንጂ ሚዛኑ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ መለኪያ ነው።

በውጭ አገር የተደረገው ሙግት

ይህ ጥያቄ በእኛ ብቻ የተነሣ አይደለም። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1925 ባካሄደው የማስታወቂያ ትርኢት ዘፋኝን ከፎኖግራፉ ጎን አቁሞ መብራት ያጠፋ ነበር። ተመልካቹ የሰውን ድምፅ ከመሣሪያው መለየት አቃተኝ ይል ነበር። በዛሬ መለኪያ ያ መሣሪያ እጅግ ደካማ ነው። ከተሳተፉት ዘፋኞች መካከልም ድምፃቸውን ከመሣሪያው አቅም ጋር ያመቻቹ እንደ ነበር በኋላ የተናገሩ አሉ። ጆሮ በቅን ልቦና ሊሳሳት መቻሉን ለማሳየት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቁጥር ዘመን መጣ። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሊክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያቀረበው ማጉያ የመዛባቱ መጠን 0.1 በመቶ ብቻ ስለ ነበር ስሙን ከዚሁ ቁጥር ወሰደ። በ1966 ጀርመኖች ዲን 45500 የተባለውን ደረጃ አወጡ፤ አንድ የቤት መሣሪያ «ሃይ ፋይ» ለመባል የሚያበቃው ዝቅተኛ ልክ በዚህ ተወሰነ። ለማጉያ የተፈቀደው መዛባት ከ1 በመቶ የማይበልጥ ነበር።

ሆኖም ቁጥሩ ያማረ ሁሉ ለጆሮ አላማረም። ትራንዚስተር ቱቦን በተካበት ዘመን በወረቀት ላይ እንከን የሌላቸው ማጉያዎች ድምፃቸው ይጎረብጣል የሚል አቤቱታ በዛ። ጎርደን ሆልት በ1962 «ስቴሪዮፋይል» የተባለውን መጽሔት በአሜሪካ የመሠረተው መሣሪያ በመደመጥ መመዘን አለበት በሚል እምነት ነው። በ1970 ፊንላንዳዊው መሐንዲስ ማቲ ኦታላ የአቤቱታውን አንድ ምክንያት አመለከተ። የተለመደው ፈተና የሚደረገው ጸጥ ብሎ በሚቀጥል አንድ ወጥ ድምፅ ነው፤ ሙዚቃ ግን በድንገት ይነሣል፤ ማጉያው ድንገቴውን ተከታትሎ ካልደረሰበት ይዛባል። የኦታላ ትንታኔ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም፣ የማጉያን የፍጥነት አቅም መለካት ከዚያ ወዲህ የሥራው አካል ሆነ። ጆሮ ከሰሰ፤ መለኪያም የጎደለውን ጥያቄ ጨምሮ መረመረ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ሙግቱን ወደ ዕርቅ አቀረበው። ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 ባሳተመው ጥናት ስፒከሮችን ከመጋረጃ በስተጀርባ አድርጎ ለአድማጮች አሰማ። ስምና ዋጋ በማይታይበት ጊዜ የአድማጮቹ ፍርድ በአመዛኙ ተመሳሰለ፤ የመረጧቸውም በመለኪያ ሲታዩ ወጣ ገባ የሌላቸውን ነበር። በ1994 ደግሞ ሾን ኦሊቭ ያንኑ ዓይነት ፈተና በመጋረጃና ያለ መጋረጃ አድርጎ ሲያወዳድር፣ ዓይን መሣሪያውን ባየ ጊዜ የጆሮ ፍርድ መለወጡን አሳየ። እንግዲህ ጆሮና መለኪያ የሚጣሉ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ሌላ ሦስተኛ ነገር በመካከላቸው ሲገባ ነው። ያ ሦስተኛ ነገር ስም፣ ዋጋ ወይም ልማድ ሊሆን ይችላል። በወላጆቼ ቤት የገጠመኝ ልማድ ነበር።

የአባቴ ሸክላ ማጫወቻ

አባቴ መሣሪያውን የገዙት በ1960ዎቹ ማብቂያ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ አሜሪካዊ መምህር ላይ ነው። በ110 ቮልት የሚሠራ ስለ ነበር ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተገዛለት። የጥላሁን ገሠሠ ሸክላዎች በዚያ መሣሪያ ከ30 ዓመት በላይ ተደመጡ። በልጅነቴ እሑድ ከሥላሴ ቅዳሴ መልስ ቡና እየተቆላ የምሰማው የጥላሁን ድምፅ ወፍራምና የተረጋጋ ነበር። አባቴ የዚያኑ ዘፈን በራዲዮ ሲሰሙ «ራዲዮ ድምፅ ያቀጥናል» ይሉ ነበር፤ እኛም አመንናቸው።

ምሕንድስና በተማርሁ ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ሲሆን የእኛ 50 ሄርዝ ነው። የዚያ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ መሣሪያው አገራችን ከገባ ጀምሮ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሮጥ ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37.5 ጊዜ ይዞራል። የ3 ደቂቃ ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል፤ ድምፁም በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። 180 ጥቁር ሰረዞች የታተሙበት ክብ ወረቀት በማጫወቻው ላይ አስቀምጬ በመብራት ብልጭታ ስመለከት፣ ፍጥነቱ ልክ ቢሆን ቆመው መታየት የነበረባቸው ሰረዞች ወደ ኋላ ይሸሹ ነበር።

ይህን ያህል ስሕተት ለምን አልታወቀም ነበር? መልሱ ከራሱ ከሙዚቃው ባሕርይ ይገኛል። ፍጥነት ሲቀንስ ድምፆች ሁሉ በአንድ ዓይነት ስሌት ዝቅ ይላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቀጥላል። ቅኝቱ ስላልተበላሸ ጆሮ የሚከስበት ምክንያት አላገኘም። የተለወጠው የዘፋኙ ዕድሜና የአካሉ ግዝፈት ነው፤ እርሱንም ደግሞ ወደድንለት።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ቺንጋውን የሚያዞረውን የሞተሩን ፑሌጃ አውጥቼ በቶርኖ ቤት ከቀድሞው በአምስተኛ እጅ የሚወፍር ሌላ አስወጣሁ። በገጠምሁት ጊዜ ሰረዞቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። በኩራት አባቴን ጠርቼ አንድ ሸክላ አስደመጥኋቸው። እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ጥላሁንን አሳነስኸው» አሉኝ። እናቴ ግን ከጓዳ ብቅ ብለው «እኔ በወጣትነቴ በመድረክ የሰማሁት ይህንን ነው» አሉ። አባቴ አልተከራከሩም። ከዚያ በኋላ ግን ለብዙ ወራት መሣሪያውን አልከፈቱትም።

የእነዚያ እሑዶች ዝምታ ከማንኛውም መምህር የበለጠ አስተማረኝ። መሣሪያውን አስተካክዬ አድማጩን አሳጣሁት። የሠራሁት ስሌት አንዳች ስሕተት አልነበረበትም፤ ስሕተቱ ያልተጠየቅሁትን ጥያቄ መመለሴ ነበር። አባቴ «ይህ ልክ ነውን?» ብለው አልጠየቁኝም። 30 ዓመት ሙሉ ከወጣትነታቸው፣ ከጓደኞቻቸውና ከዚያ ሁሉ ዘመን ጋር የሚያገናኛቸውን ድምፅ ሲያዳምጡ ነበር። ያ ድምፅ በመለኪያ የሚታይ አልነበረም።

የፍርዱ ድንበር

ይሁን እንጂ ነገሩን «ሁሉም እንደ ወደደው ይስማ» ብሎ መዝጋት አይበቃም። ከአባቴ ሸክላዎች ብዙዎቹ ወደ ካሴት ተገልብጠው ለዘመድ ለወዳጅ ተሰጥተዋል። በየቤቱ እንዲህ የዘገየ ቅጂ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል? ከእነዚህ አንዱ ተገልብጦ በኮምፒዩተር ቢቀመጥና ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ «ጥላሁን በዚህ ከፍታ ይዘፍን ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ የአንድ ቤት ልማድ የአገር ታሪክ ሆነ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በየቤቱ የነበረ ሸክላና ካሴትም ከዕቃ ጋር ወዲያና ወዲህ ተበትኗል። የተረፈውን የሚገለብጥ ሰው ፍጥነቱን ሳይለካ ቢገለብጥ ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ድንበሩ የት እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል። «ደስ ይለኛል» የሚለው ቃል የአድማጩ ነው፤ መሐንዲስ በዚህ ላይ ሥልጣን የለውም። «እንዲህ ነበር» የሚለው ቃል ግን ስለ ዓለም የተነገረ ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ይመረመራል። የምኒልክን ጥቅል የሚያሰማ፣ የተሰማ እሸቴን ሸክላ የሚገለብጥ፣ የአምሃን ኅትመት የሚያስቀምጥ ባለሙያ ሁሉ በሁለተኛው ቃል የታሰረ ነው። የመረጠውን ፍጥነትና የመረጠበትን ምክንያት ከቅጂው ጋር ጽፎ ማስቀመጥ ይገባዋል። በሌላ በኩል ጆሮ ሲከስ መሐንዲስ «መለኪያው ደኅና ነው» ብሎ በሩን መዝጋት የለበትም፤ ምናልባት ገና ያልለካው ነገር ይኖራልና።

በወላጆቼ ቤት ያለውም ነገር በዚሁ ስምምነት ተፈጽሟል። ሸክላዎቹን ሁሉ በትክክለኛው ፍጥነት ገልብጬ፣ ፍጥነቱን ጽፌ አስቀምጫለሁ። ከዚያም የቀድሞውን ፑሌጃ ወደ ቦታው መለስሁት፤ አዲሱ በክብሪት ሣጥን ውስጥ ከመሣሪያው አጠገብ ተቀምጧል። አባቴም እሑድ እሑድ ማዳመጣቸውን ቀጥለዋል። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግሥት ዘመዶች ሊመጡ ሲሉ አባቴ ጠሩኝና የክብሪት ሣጥኑን እያመለከቱ «ለእንግዶቹ ትክክለኛውን ግጠምላቸው፤ ሲሄዱ ግን የእኔን መልስልኝ» አሉኝ።

እንደ ታዘዝሁት አደረግሁ።